ሰውን ልምረጥ ወይስ ፓርቲን? ከሀዋሳ መራጮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሀዋሳ ለብዙ ዓመታት የሥነ ዜጋ ትምህርት አስተምሬአለሁ። ምርጫ በቀረበ ቁጥር በእድር ስብሰባ፣ በጎረቤት ቡና ላይ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተን ስንሄድ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ድምፅ የሚሰጠው ለሰው ነው ወይስ ለፓርቲ የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን የምርጫ ሥርዓት አንዲት ምልክት በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ፣ ማለትም የአካባቢውን ተወካይም መንግሥት የሚመሠርተውን ኃይልም ስለምትወስን፣ መልሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ለየትኛውም ፓርቲ ወይም እጩ የሚደረግ ቅስቀሳ አይደለም። ሕጉ የሚለውን በሕግነቱ፣ የራሴን አስተያየት ደግሞ በአስተያየትነቱ ለይቼ ለማቅረብ ሞክሬአለሁ።

በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምልክት የማደርገው ለማን ነው?

በሕጉ መሠረት ድምፅዎ የሚቆጠረው ለእጩው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት እጩዎች መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። የምክር ቤቱ መቀመጫ ከ550 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አገሪቱም በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፋፍላ ስትመርጥ ቆይታለች። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል የሚያሸንፈው አንድ ሰው ነው፤ ሰውዬው የፓርቲ እጩ ይሁን የግል እጩ ለቆጠራው ልዩነት የለውም።

በተግባር ግን መራጩ ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በእጩው ስም ላይ ሳይሆን በመወዳደሪያ ምልክቱ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ «ንብን መረጥኩ» (የገዥው ኢሕአዴግ ምልክት) ወይም «ጣትን መረጥኩ» (የተቃዋሚው ቅንጅት ምልክት) የሚል እንጂ የእጩውን ስም የሚጠራ ሰው እምብዛም አልነበረም። እኔ ራሴ በዚያ ቀን ከምርጫ ጣቢያው ስወጣ ታላቅ ወንድሜ «ማንን መረጥክ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምልክቱን ነገርኩት፤ «ሰውዬውስ ማን ይባላል?» ሲለኝ ግን ስሙን ማስታወስ አልቻልኩም። ለአምስት ዓመት በስሜ እንዲናገር፣ በስሜ እጁን እንዲያወጣ የወከልኩት ሰው ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከተማሪዎቼና ከጎረቤቶቼ ጋር በቁም ነገር መነጋገር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን የምመርጠው እኔ ነኝ?

በቀጥታ አይደለም። በአንቀጽ 56 መሠረት የፌዴራሉን የሕግ አስፈጻሚ አካል የሚያደራጀውና የሚመራው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም የድርጅቶች ጣምራ ነው፤ በአንቀጽ 73 መሠረት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። በመሆኑም ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የሚያስብ ሰው እርሱም እንደ ማንኛውም እጩ በአንድ የምርጫ ክልል ቀርቦ ማሸነፍ አለበት፤ ፓርቲው ደግሞ ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት ከ547 መቀመጫዎች ቢያንስ 274ቱን ማግኘት ይኖርበታል። የሀዋሳ መራጭ ድምፅ ከእነዚህ መቀመጫዎች አንዱን ይወስናል። «ሰውዬውን ወድጄው ነው እንጂ ፓርቲው አይመለከተኝም» የሚሉ ሰዎች ይህንን ማስታወስ ይገባቸዋል፤ ሰውዬው አሸንፎ አዲስ አበባ ሲገባ የሚቆጠረው በፓርቲው ወንበር ላይ ነውና።

ሚኒስትሮች ግን የግድ የተመረጡ ሰዎች መሆን የለባቸውም። ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሁለቱ ምክር ቤቶች ውጭም ብቁ ሰዎችን ለሚኒስትርነት እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ2013ቱ ምርጫ ብልፅግና ፓርቲ በሰፊ ልዩነት ቢያሸንፍም በመስከረም 2014 ዓ.ም. በተዋቀረው ካቢኔ ውስጥ የተቃዋሚው ፓርቲ የኢዜማ መሪ ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል።

ጎበዝና ሐቀኛ የማውቀው ሰው በማልደግፈው ፓርቲ ስም ቢቀርብ ምን ላድርግ?

ከሁሉም ጥያቄዎች የሚከብደኝ ይህ ነው። ሰውዬው የሰፈር ልጅ ነው፤ በእድር ውስጥ ሲያገለግል፣ በጎረቤት ጠብ መካከል ሲገላግል፣ ለተቸገረ ቤት ሲያዋጣ አይተነዋል። ፓርቲው ግን ስለ መሬት፣ ስለ ፌዴራል አወቃቀሩ ወይም ስለ ኢኮኖሚው የያዘው አቋም ከእኛ አቋም ጋር አይገጥምም። ብዙ ሰው በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ሰውዬውን ላለማስቀየም ሲል ብቻ ይመርጠዋል። ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይሉኝታ ውሳኔውን እንዳይጎትተው ነው። ማንን እንደመረጡ ለባልዎ፣ ለሚስትዎ፣ ለአለቃዎ ወይም ለእጩው ለራሱ የመንገር ግዴታ የለብዎትም።

በእኔ እምነት መራጩ መጠየቅ ያለበት «ይህ ሰው ደግ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ይህ ሰው ፓርቲው ውስጥ ምን ማድረግ ይችላል?» ብሎ ነው። አባቶች «አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ» ይላሉ። በጥብቅ ዲሲፕሊን በሚመራ ፓርቲ ውስጥ አዲስ የገባ አባል፣ የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ ፓርቲው አስቀድሞ በወሰነው ጉዳይ ላይ በምክር ቤት ተነሥቶ መቃወሙ ከባድ ነው። በአንጻሩ ሕግ በቋሚ ኮሚቴ ሲመረመር፣ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ሲያቀርቡና የመስክ ጉብኝት ሲደረግ የግለሰቡ ትጋትና እውቀት ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ሰነዱን አንብቦ የሚመጣ አባልና ሳያነብ የሚመጣ አባል እኩል አይጠይቁም። ስለዚህ በእርስዎና በፓርቲው መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ከሆነ የሰውዬው ደግነት አይሸፍነውም፤ ልዩነቱ በዝርዝር ጉዳዮች ላይ ከሆነ ግን ጥሩ ሰው ወደ ምክር ቤት መላክ ዋጋ አለው።

የምደግፈው ፓርቲ የማላውቀውን ወይም የማላምነውን ሰው ቢያቀርብስ?

«የማላውቀው» እና «የማላምነው» የተለያዩ ናቸው፤ ለየብቻ መመለስ አለባቸው።

ሰውዬውን ካላወቁት መፍትሔው እርሱን ማወቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅንጅት የከተማዋን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ሲያሸንፍ፣ መራጩ ድምፁን የሰጠው በአብዛኛው ለፓርቲው እንደነበር ውጤቱ ራሱ ይናገራል፤ ከዚያ ሁሉ ሰፈር የተለያየ እጩ ቀርቦ ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ሆነ። መራጩ እንዲያ ማድረጉ ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። ለውጥ የፈለገ ሰው ለውጥ ያመጣልኛል ላለው ድርጅት ድምፁን መስጠቱ ምክንያታዊ ነው። ዳሩ ግን ከምርጫው በኋላ ምክር ቤት መግባትና አለመግባት አከራካሪ በሆነ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ተመራጮች ገብተው ሌሎቹ ሲቀሩ፣ ውሳኔው በእያንዳንዱ ተመራጭ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ፓርቲውን ብቻ የመረጠ መራጭ የራሱ ተወካይ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ የሚገምትበት ምንም መነሻ አልነበረውም።

ሰውዬውን የማያምኑት ከሆነ፣ ለምሳሌ በሕዝብ ገንዘብ ወይም በመሬት ጉዳይ ስሙ በተጨባጭ የሚነሣ ከሆነ፣ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ፓርቲዬ ስላቀረበው ብቻ ልመርጠው አይገባም። ምንም ቢያደርግ ድምፅ እንደማይጎድልበት ያወቀ ፓርቲ በሚቀጥለው ምርጫ የተሻለ ሰው ለማቅረብ የሚገፋፋው ነገር የለም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አባባል በምርጫ ሰሞን በብዛት ይሰማል፤ ለገበያና ለጉርብትና ያገለግል ይሆናል፣ ሕግ የሚያወጣ ሰው ለመምረጥ ግን በቂ መመዘኛ ሆኖ አላገኘሁትም።

ለግል እጩ የተሰጠ ድምፅ የባከነ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም፤ ነገር ግን የግል እጩ መንገድ ጠባብ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ዓ.ም. በደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው አሸንፈዋል። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ሲወስዱ ከቀሩት ሁለት መቀመጫዎች አንዱ በቦንጋ በግል የተወዳደሩት የአሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ነበር፤ ሌላው በተቃዋሚዎች ጥምረት በመድረክ ስም በአዲስ አበባ የተመረጡት የግርማ ሰይፉ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም የግል እጩዎች አራት መቀመጫ ማግኘታቸውን ምርጫ ቦርድ አስታውቋል። እነዚህ ሰዎች ያሸነፉት ከምልክታቸው ይልቅ ስማቸው በአካባቢው ስለሚታወቅ ነው።

ከገቡ በኋላ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። የግል ተመራጭ በምክር ቤቱ ተነሥቶ መጠየቅና መናገር ይችላል፤ ድምፁም እንደማንኛውም አባል ድምፅ ይቆጠራል። ሆኖም ብቻውን ሕግ አያጸድቅም፣ መንግሥትም አይመሠርትም። ስለዚህ ከግል እጩ የሚፈልጉት ጥያቄዎን በምክር ቤት እንዲያሰማልዎት ከሆነ ድምፅዎ አይባክንም፤ መንግሥት እንዲቀይርልዎት ከሆነ ግን የማይችለውን እየጠየቁት ነው።

ብዙ እጩዎች ሲቀርቡ ድምፅ ይከፋፈላል የሚባለው ምን ማለት ነው?

በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው እጩ 3,400፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 3,300 ቢያገኙ አሸናፊው አንደኛው ነው። የቀሩት 6,600 መራጮች እርሱን ባይፈልጉትም ወንበሩ የእርሱ ነው፤ ሁለተኛ ዙር የለም፣ ከ50 በመቶ በላይ ማግኘትም አይጠበቅበትም። ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸው ሁለት ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል ሁለት እጩ ሲያቀርቡ ሁለቱም የሚሸነፉበት ምክንያት ይህ ነው። መራጩ «ልቤ የፈቀደውን ልምረጥ ወይስ ከሚያሸንፉት መካከል የሚሻለውን?» የሚለውን የሚያስበውም በዚህ ስሌት የተነሣ ነው፤ ሁለቱም የመራጩ መብት ናቸው።

ተመራጩ የሚታዘዘው ለፓርቲው ነው ወይስ ለሕዝቡ?

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ አሻሚ አይደለም። በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ሲሆኑ ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው። ፓርቲ የሚለው ቃል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በዚሁ አንቀጽ መሠረት አንድ አባል የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ ይወገዳል፤ ይህንን የሚያስፈጽም አዋጅም በ1989 ዓ.ም. ወጥቷል።

ይህ ድንጋጌ በእኛ ከተማ ምን ትርጉም እንደነበረው ለማየት የ2007ቱን ምርጫ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት የሀዋሳ መራጭ ኢሕአዴግን የመረጠው በአባል ድርጅቱ በደኢሕዴን (የደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) በኩል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደኢሕዴን ከኦሮሚያው ኦዴፓና ከአማራው አዴፓ እንዲሁም አጋር ይባሉ ከነበሩት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ብልፅግና ፓርቲ ሲመሠረት ሌላው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት የትግራዩ ሕወሓት ውሕደቱን አልተቀበለም። መራጩ ምልክት ያደረገበት ድርጅት ከስሟል፤ ርዕዮተ ዓለሙም ከአብዮታዊ ዴሞክራሲ ወደ መደመር ተለውጧል፤ ተመራጮቹ ግን በወንበራቸው ቀጠሉ። የ2012 ዓ.ም. ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመራዘሙ ደግሞ የሥራ ዘመናቸው ከአምስት ዓመት በላይ ሄደ። ድምፁ የፓርቲ ነው ካልን መራጩ ያልመረጠው ፓርቲ ወክሎታል ማለት ነው። ድምፁ የሰው ነው ካልን ግን መራጩ ያን ሰው በስሙ ሊያውቀውና «ፓርቲህ ሲለወጥ አንተ ምን አቋም ያዝክ?» ሊለው ይገባ ነበር። ይህንን ጥያቄ ተወካዩን በአካል አግኝቶ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል።

ለፌዴራሉ አንድ ፓርቲ፣ ለክልሉ ሌላ ፓርቲ መምረጥ እችላለሁ?

ይችላሉ። ሁለቱ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስገድደውም። ለክልል ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ መቀመጫ ሊኖር ስለሚችል ምልክት ከማድረግዎ በፊት ስንት እጩ መምረጥ እንደሚገባዎት የምርጫ አስፈጻሚዎቹን ይጠይቁ። ከሚፈለገው በላይ ምልክት ማድረግ ድምፅዎን ዋጋ ያሳጣዋል።

የትኛው ጉዳይ የየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ማወቅ ለዚህ ውሳኔ በጣም ይረዳል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ወጣት ስለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የምትጠይቀው ጥያቄ የፌዴራል ነው፤ የሠራተኛ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነውና። የመሬት ሕግ መሠረቱ ፌዴራል ሲሆን አስተዳደሩ ግን የክልል ነው፤ ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ጉዳይ የሚያንገላታው ሰው ለክልሉ ምክር ቤት የሚሰጠውን ድምፅ አቅልሎ ማየት የለበትም። በተጨማሪም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት በተለመደው አሠራር የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች በመሆኑ የክልሉ ወረቀት ከክልሉ አልፎ ይሄዳል።

የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫን በተመለከተ ደግሞ የእኔ አስተያየት ሚዛኑ ወደ ሰውዬው ማድላት አለበት የሚል ነው። የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ሐይቁ ዳር የሚጣለውን ቆሻሻ የሚከታተል፣ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡትን ሰዎች ችግር ቀርቦ የሚሰማ ሰው ለማግኘት ከፕሮግራሙ ይልቅ ባሕርዩና ትጋቱ ይመዝናሉ። በመላ አገሪቱ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ ረጅም ዓመታት ማለፋቸው ሕዝቡ ሰውን መዝኖ የመምረጥ ልምምዱን እንዲያጣ አድርጎታል ብዬ አስባለሁ።

በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ይህ ጥያቄ ለምን አልተነሣም?

በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ አልነበረም፤ ሕዝበ ውሳኔ ነበር። የቀረበው አንድ ጥያቄ ሲሆን መልሱም ከሁለቱ አማራጮች አንዱ ነበር፤ የሚመረጥ ሰውም ፓርቲም አልነበረበትም። 98.51 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን የተሰጠ ነበር።

ቀደም ሲል በአገራችን ሰው ብቻ ይመረጥ ነበር ይባላል። እንዴት?

በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተወሰነ፤ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስም ምርጫው በየአራት ዓመቱ ይካሄድ ነበር። ፓርቲ ስላልተፈቀደ ሁሉም እጩ የሚቀርበው በግሉ ነበር፤ ለመወዳደርም ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። በዚህ ምክንያት ምክር ቤቱ የታወቁ ሰዎችና ባለ ርስቶች የሚገቡበት ቦታ ሆነ፤ አባላቱን በአንድ ሐሳብ የሚያሰባስብ ድርጅት ስለሌለም ምክር ቤቱ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ ብርቱ ጫና ማሳደር አልቻለም። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ በተደረገው ምርጫ ደግሞ ሁኔታው ተገለበጠ፤ ሕጋዊው ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ብቻ ስለነበረ መራጩ ሊለይ የሚችለው በእጩዎቹ መካከል እንጂ በፓርቲዎች መካከል አልነበረም። ሁለቱን ዘመናት ጎን ለጎን ሳያቸው ሰው ብቻውን፣ ፓርቲም ብቻውን ለመራጩ በቂ ምርጫ እንዳልሰጡት እረዳለሁ።

ሌሎች አገሮች ይህንን እንዴት ፈቱት?

ጀርመን ለእያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ ትሰጣለች፤ አንዱ ለአካባቢው እጩ፣ ሁለተኛው ለፓርቲ ነው። መቀመጫ የሚከፋፈለው በዋናነት በሁለተኛው ድምፅ መጠን ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብሔራዊው ምክር ቤት ፓርቲ ብቻ ስታስመርጥ ቆይታ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2020 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሠረት የግል እጩዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በ2024ቱ ምርጫ ተወዳድረዋል። በኬንያና በሕንድ ደግሞ የተመረጠበትን ፓርቲ የሚለቅ የምክር ቤት አባል ወንበሩን ያጣል፤ ማለትም እነዚህ አገሮች ወንበሩን የፓርቲው ንብረት አድርገው አይተውታል። የጀርመኑ መንገድ መራጩ ሰውንና ፓርቲን ለየብቻ እንዲመዝን ስለሚያስችለው ለእኔ ይበልጥ ይማርከኛል፤ በእኛ አገር ግን ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ይጠይቃል፤ አብላጫ ድምፅ የሚለው በአንቀጽ 54 ውስጥ ተጽፏልና።

እጩው «የእኛ ሰው» ከሆነ አይበቃም?

ሀዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞውና ሌላውም በአንድ ግቢ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሰው ቋንቋውን የሚናገርለትንና ባሕሉን የሚያውቅለትን መፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ የሚያናግረው ተወካይ ማግኘት መብቱ ነው። ይሁን እንጂ የእድር ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ የማን ልጅ መሆኑን ሳይሆን ሒሳብ ማወቁንና የሰው ገንዘብ አለመንካቱን እንጠይቃለን። የእድሩ ሣጥን ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተገባው፣ የአገር በጀት ለሚያጸድቅ ሰው ጥያቄውን መቀነስ አልችልም።

እጩውን ለማወቅ ምን ልጠይቅ?

አስቀድመው ያለፈ ሥራውን ይጠይቁ፤ መምህር ከሆነ ተማሪዎቹን፣ ነጋዴ ከሆነ አብረውት የነገዱትን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ጉዳይ ያስፈጸሙ ባለጉዳዮችን። ቀጥለው ለእጩው ለራሱ አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ «ፓርቲዎ የዚህን ከተማ ሕዝብ የሚጎዳ ረቂቅ ሕግ ቢያቀርብ ምን ያደርጋሉ?» የሚመልሰው መልስ ፓርቲውን መሳደብ ወይም ማወደስ ብቻ ከሆነ አላሰበበትም ማለት ነው። «መጀመሪያ በውስጥ እከራከራለሁ፣ ካልሆነ በምክር ቤት አስተያየቴን አስመዘግባለሁ፣ ለእናንተም መጥቼ እነግራችኋለሁ» የሚል ሰው ቢያንስ ሥራውን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ በሰፈራችን በተደረገ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ይህንኑ ጥያቄ በሲዳምኛ ጠይቀው እጩው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እናቴ፣ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ለምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው።

የፓርቲውንም ፕሮግራም አይዝለሉት። ሙሉውን ማንበብ ካልቻሉ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ፈጠራ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ክልሎች ሥልጣን የሚሉትን ክፍሎች ብቻ አንብበው ከሌላው ፓርቲ ጋር ያነጻጽሩ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሉ ልጆች እንዲያነቡላቸው ያድርጉ፤ የትኛውን እንደሚመርጡ ግን አይንገሯቸው።

ከምርጫው በኋላ ተወካዬን የት አገኘዋለሁ?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ፣ የመስከረምም አብዛኛው፣ ተወካዩ በመረጠው ሕዝብ መካከል ሊገኝ የሚችልበት ወቅት ነው። በእድርዎ፣ በሠራተኛ ማኅበርዎ ወይም በሰፈር ኮሚቴዎ በኩል ስብሰባ እንዲጠራ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ላይ ተወካዩን በፓርቲው ስም ሳይሆን በራሱ ስም ይጥሩት፣ ባለፈው ዓመት በየትኞቹ አዋጆች ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠም እንዲያስረዳ ይጠይቁት።